የደንና የዱር እንስሳት የመስክ ጥናት፦ ከፈቃድ ደብዳቤ እስከ ንጹሕ መረጃ

የመስክ ወቅት በተቃረበ ቁጥር የደንና የዱር እንስሳት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ርዕሴ ጸድቋል፤ መስክ ስወርድ ግን ከምን ልጀምር?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀመሩ በክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ ሜትሩ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ አጋዘኑ ከቆጠራው መስመር ምን ያህል ርቆ እንደ ቆመ እንዴት እንደሚለካ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳይ ሰው አይገኝም።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እወስዳለሁ። የጋይሳይ ሜዳ፣ የዲንሾ ጥድና ኮሶ፣ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ አምባና የሐረና ደን በአንድ ፓርክ ውስጥ ስለሚገኙ አብዛኛው የመስክ ችግር እዚያ ያጋጥማል። አሠራሩ ግን ለወንዶ ገነት ኮረብታም፣ ለጎጃም የቤተ ክርስቲያን ደንም ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሥራችሁን መመዘኛ ያዙ፦ ከዓመታት በኋላ የማታውቁት ባለሙያ ቅጻችሁን ብቻ ይዞ ቢሄድ ያንኑ ዛፍ አግኝቶ መለካት፣ በዚያው መስመር ሄዶ መቁጠር መቻል አለበት። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ለዚህ ሲባል የተቀመጠ ነው። ሥራ ፈላጊን የሚፈትን ባለሙያም ሆነ የሦስተኛ ዲግሪ አማካሪ ከርዕሱ ይልቅ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለደን ልኬት፦
- 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ቢቻል ሁለት
- የናይሎን ገመድና አራት ችካል
- የዲያሜትር ሜትር፤ ካልተገኘ የልብስ ሰፊ ሜትር
- ልክ 1.3 ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ዱላ
- ክሊኖሜትር (ተዳፋትንና የዛፍ ቁመትን ለመለካት የሚያገለግል የማዕዘን መለኪያ) እና ኮምፓስ
- ጂፒኤስ
- ጠመኔ (የተለካውን ዛፍ ለማመልከት)
- መቀስ፣ አሮጌ ጋዜጣና የዕፅዋት ናሙና መጫኛ ፕሬስ

ለእንስሳት ቆጠራ፦
- አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፤ 8 በ42 የሚባለው ለደንም ለሜዳም ይበቃል
- በሌዘር የሚሠራ የርቀት መለኪያ
- ኮምፓስና ሰዓት

ለሁለቱም፦ የታተመ ቅጽ፣ እርሳስ፣ ውኃ የማያስገባ ከረጢት፣ ትርፍ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ። እስክሪብቶ አትያዙ፤ የባሌ ዝናብ አንዴ ከነካው የቀኑ ሥራ ይታጠባል። እርሳስ ግን ወረቀቱ ርሶ ከደረቀም በኋላ ይነበባል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የዲንሾ ደን ሁኔታ» ጥያቄ አይደለም። «ከብት በሚገባበትና በማይገባበት የዲንሾ ደን ውስጥ የኮሶ ችግኝ ብዛት ይለያያል ወይ?» ጥያቄ ነው። የፕሎቱን (ልኬቱ የሚካሄድበትን የተከለለ ቁራሽ መሬት) ስፋት፣ ብዛቱንና የሚለካውን ነገር የሚወስነው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ከጻፋችሁ በኋላ የውጤት ሠንጠረዡን ባዶውን አዘጋጁ። ባዶውን ሠንጠረዥ መሥራት ካቃታችሁ ጥያቄው ገና አልጠራም፤ ያንን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ማወቅ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ

ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። በፌዴራል ለሚተዳደሩ ብሔራዊ ፓርኮች ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ከዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይቀበላችኋል። በክልል የሚተዳደሩ ፓርኮችና ደኖች የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ለቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ አነጋግሩ፤ ካህናቱ ገመድና ችካል ይዛችሁ ስትገቡ ምን እንደምታደርጉ ቀድመው ሊያውቁ ይገባል። የዕፅዋትም ሆነ የእንስሳት ናሙና ወደ ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ለብቻው ጠይቁ። እንስሳ መያዝ፣ ማደንዘዝ ወይም ደም መውሰድ በተራ የጥናት ፈቃድ አይሸፈንም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ደብዳቤው እስኪደርስ ልጀምር» አትበሉ። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ መረጃ ለኅትመት ሲቀርብ የፈቃድ ቁጥር ይጠየቅበታል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጣ ፈቃድ ደግሞ የለም።

ደረጃ 3፦ ቦታውን አስቀድማችሁ እዩ

መለኪያ ሳትይዙ ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ጋር ተዘዋወሩ። ስካውቶቹ የእንስሳቱን መውጫና መግቢያ፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም የሚዘጋውን ሸንተረር ያውቃሉ። ዛፍ የሚያውቅ የአካባቢ ሰውም ቅጠሩ፤ ድካሙን የሚመጥን አበል ክፈሉ፤ ስሙን ጠይቃችሁ ከፈቀደ በምስጋና ገጻችሁ ላይ አስፍሩ። ባሌ ላይ ጥድ ጋቲራ፣ ኮሶ ሄቶ ይባላል፤ በቅጹ ላይ የአፋን ኦሮሞውን ስም እንደ ሰማችሁት ጻፉ እንጂ እዚያው ቆማችሁ ወደ አማርኛ አትቀይሩት። ስሕተት ከተፈጠረ የኋላ ማረሚያችሁ የመጀመሪያው ስም ነው።

ደረጃ 4፦ ፕሎቶቹንና መስመሮቹን በካርታ ላይ ወስኑ

ቦታው የሚመረጠው ጫካ ውስጥ በዓይን ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ በዕጣ ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ በዕጣ አውጡ፤ የቀሩትን በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየ300 ሜትሩ ደርድሩ። ይህ የሚደረገው ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ ትልልቅ ዛፎችና ወደ መንገድ ዳር ስለሚያደላ ነው። በዓይን የተመረጡ ፕሎቶች ደኑን ካለው በላይ የተዋበ ያደርጉታል፤ ያንን አድልዎ ደግሞ የትኛውም ስታቲስቲክስ አያርመውም። ነጥቡ ገደል ላይ ከወደቀ ተዉትና «ያልተደረሰበት» ብላችሁ ከነምክንያቱ መዝግቡ፤ በአጠገቡ ባለ ምቹ ቦታ አትተኩት።

ጂፒኤሱን ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው መነሻ (የነጥቦች ቦታ የሚሰላበት ሥርዓት) ላይ አድርጉት፤ ዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን በሜትር የሚገልጸውን ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ ባሌና አብዛኛው የአገራችን ክፍል በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው። የቆዩ የኢትዮጵያ የቦታ አቀማመጥ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይዛወራል፤ ፕሎታችሁ ከደኑ ወጥቶ የሰው ማሳ ውስጥ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ ፕሎቱን ዘርጉ

ለተራራ ደን 20 በ20 ሜትር፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር የተለመደ ነው። የመጀመሪያውን ችካል ጂፒኤሱ ባመለከተው ቦታ ትከሉ፤ በኮምፓስ ወደ ሰሜን አንዱን ጎን፣ ወደ ምሥራቅ ሌላውን አውጡ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ በሜዳ ላይ ሰያፉን ለኩ፤ 28.3 ሜትር መሆን አለበት።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ጉዳይ ነው። የደን ስፋት የሚሰላው ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ጠፍጣፋ መሬት ነው፤ ሜትሩን ግን የምትዘረጉት በተዳፋቱ ላይ ነው። 30 ዲግሪ በሆነ ዳገት ላይ 20 ሜትር ብትዘረጉ በጠፍጣፋው የሚገኘው 17.3 ሜትር ብቻ ነው። ፕሎታችሁ 400 ሳይሆን 346 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የዛፉን ብዛት በሄክታር ስታሰሉ ከ13 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት ሳይለካ እንደ ተለካ ይቆጠራል። መፍትሔው በዳገቱ አቅጣጫ የሚሄደውን ጎን ማርዘም ነው፦ 20ን በተዳፋቱ ኮሳይን አካፍሉ። ለ10 ዲግሪ 20.3፣ ለ20 ዲግሪ 21.3፣ ለ30 ዲግሪ 23.1፣ ለ35 ዲግሪ 24.4 ሜትር ይሆናል። እነዚህን አራት ቁጥሮች በቅጻችሁ ጀርባ ጻፏቸው። ዳገቱን ተሻግሮ በአግድም የሚሄደው ጎን 20 ሜትር እንደ ሆነ ይቀራል። ለዚህም ነው በገደላማ ቦታ ፕሎቱን ከሰሜን ይልቅ ከዳገቱ አቅጣጫ ጋር ማስተካከል የምመርጠው፤ አንዱን ጎን ብቻ ማረም ስለሚበቃ ሥራው ይቀላል። የተጠቀማችሁበትን አቅጣጫ ግን በዲግሪ መዝግቡ።

ብዙዎቹ ክሊኖሜትሮች ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን አላቸው፦ አንዱ በዲግሪ፣ አንዱ በመቶኛ። 30 ዲግሪ ማለት 58 በመቶ ገደማ ነው። የትኛውን እንዳነበባችሁ በየመስመሩ ካልጻፋችሁ ማታ ላይ ማንም አያስታውሰውም።

ደረጃ 6፦ ዛፎቹን ለኩ

ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ በአንድ አቅጣጫ ዙሩ፤ የለካችሁትን ግንድ በጠመኔ አመልክቱ። ዲያሜትር የሚለካው በደረት ከፍታ ነው፤ ይህም ከመሬት 1.3 ሜትር ማለት ነው፤ በተዳፋት ላይ ከዛፉ በላይኛው በኩል ቆማችሁ ትለካላችሁ። የሰው ደረት እንደ ቁመቱ ስለሚለያይ በዱላው ተጠቀሙ። በአብዛኛው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ዲያሜትር ያለው እንደ ዛፍ ይቆጠራል፤ ወሰኑን ከአማካሪያችሁ ጋር ከወሰናችሁ በኋላ መሐል ላይ አትለውጡት።

አስቸጋሪ ግንዶች እንዲህ ይለካሉ፦
- ከ1.3 ሜትር በታች የተከፈለ፦ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ይለካል፤ ቅጹ ላይ ግን የአንድ ዛፍ መሆናቸው ይመዘገባል።
- ከ1.3 ሜትር በላይ የተከፈለ፦ አንድ ግንድ ነው።
- ያዘነበለ፦ 1.3 ሜትሩ የሚለካው በግንዱ ርዝመት ላይ፣ ባዘነበለበት በኩል ነው።
- 1.3 ሜትር ላይ ጉጥ ወይም እብጠት ያለው፦ ግንዱ ወደ ተፈጥሮ መጠኑ እስኪመለስ ከፍ በሉ፤ የለካችሁበትን ከፍታ ጻፉ።
- ድንበር ላይ የቆመ፦ ከግንዱ ሥር ግማሽና ከዚያ በላይ ውስጥ ከሆነ ይቆጠራል። ቅርንጫፉ የትም ቢዘረጋ ከቁጥር አይገባም።

በልብስ ሰፊ ሜትር ስትለኩ የምታገኙት ዙሪያውን ነው። ዲያሜትሩ ዙሪያው ለ3.14 ተካፍሎ ነው፤ 126 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ዝግባ ዲያሜትሩ 40 ነው። ዙሪያውን በዲያሜትር ዓምድ ብታስገቡት የግንዱ የመስቀለኛ ወለል ስፋት (ግንዱ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት) ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ቅጹ ላይ «ዙሪያ» እና «ዲያሜትር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች አትሙ።

ለቁመት፣ ከዛፉ ቁመት የሚስተካከል ርቀት ራቁ፤ በጣም ከተጠጋችሁ ትንሿ የማዕዘን ስሕተት ትልቅ የቁመት ስሕተት ትሆናለች። በ20 ሜትር ጠፍጣፋ ርቀት ላይ ቆማችሁ በክሊኖሜትሩ ጫፉ 70 በመቶ፣ ሥሩ ከዓይናችሁ በታች 10 በመቶ ቢነበብ፣ የሁለቱን ድምር፣ 80 በመቶውን፣ በ20 ስታባዙ 16 ሜትር ይሆናል። ሥሩ ከዓይናችሁ በላይ ከሆነ ይቀነሳል እንጂ አይደመርም። በሐረና ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ጫፉ ካልታየ በግምት ከመጻፍ «አልታየም» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ችግኝና የዕፅዋት ናሙና

በፕሎቱ አራት ማዕዘኖችና በመሐሉ አምስት የ1 ካሬ ሜትር ክፈፎች አስቀምጡ፤ ችግኝ በእነሱ ውስጥ ብቻ ቁጠሩ። ጠቅላላው 5 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ ሄክታር ሲቀየር በ2000 ይባዛል። ስለዚህ አንድ ችግኝ በስሕተት መጨመር 2000 ችግኝ መጨመር ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የከብት ኮቴ፣ ፋንድያና የተበላ ጫፍ ካለም በዚያው መዝግቡ፤ የደረጃ 1 ጥያቄያችሁ መልስ ምናልባት ከእነሱ ይመጣል።

ስሙን ያላረጋገጣችሁትን ተክል ሁሉ፣ ቢቻል ከነአበባው ወይም ከነፍሬው፣ ቆርጣችሁ በጋዜጣ መሐል ተጫኑ። ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ፤ አለዚያ ይሻግታል። ቁጥር፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የአካባቢ ስምና የቅጠሉን ሽታና ቀለም ጻፉ፤ ከደረቀ በኋላ የሚጠፋው ይህ ነው። «ግራር» የሚለው ስም ብዙ ዝርያ ስለሚሸፍን በስም ብቻ አትተማመኑ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ናሙናውን ከተቀመጡት ጋር ለማመሳከር ዋናው ቦታ ነው።

ደረጃ 8፦ እንስሳቱን በመስመር ላይ ቁጠሩ

የቆጠራ መስመሩን በኮምፓስ ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በዝግታ ተጓዙ። በመኪና መንገድ ወይም በከብት ዱካ ላይ አትቁጠሩ፤ እንስሳት መንገድን ወይ ይሸሹታል፣ ወይ ሣሩን ፈልገው ይሰበሰቡበታል፤ በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ይዛባል።

የደጋ አጋዘን፣ ድኩላ ወይም የጉሬዛ መንጋ ስታዩ ቁሙና በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦
ሀ. እንስሳው መጀመሪያ የታየበትን ቦታ በዓይን ያዙ፤ ከሸሸ በኋላ ያለው ቦታ አይለካም።
ለ. ከእናንተ እስከ እሱ ያለውን ርቀት በሌዘር ለኩ። ለመንጋ እስከ መሐሉ ይለካል።
ሐ. በመስመሩና በእንስሳው መካከል ያለውን ማዕዘን በኮምፓስ አንብቡ።
መ. ብዛት፣ ጾታና ግልገል መዝግቡ።

የሚፈለገው እንስሳው ከመስመሩ ቀጥ ብሎ የራቀበት ርቀት ነው፤ እሱም ርቀቱ በማዕዘኑ ሳይን ተባዝቶ ይገኛል። 50 ሜትር ርቀትና 30 ዲግሪ ማዕዘን 25 ሜትር ይሰጣል። ይህ ርቀት የሚያስፈልገው ከመስመሩ በራቅን መጠን የማናያቸው እየበዙ ስለሚሄዱ ነው፤ ስሌቱ ያልታዩትን የሚገምተው ከርቀቶቹ አጣጣል ተነሥቶ ነው። ሦስት ነገሮች ግን የግድ መሟላት አለባቸው፦ መስመሩ ላይ ያለ እንስሳ ሁሉ መታየት፣ ሳይንቀሳቀስ መታየት፣ ርቀቱ በትክክል መለካት። በዓይን ግምት የተሞላ ቅጽ በ10፣ በ20፣ በ50 ሜትር ላይ ተከምሮ ይገኛል፤ ማዕዘኑንም ወደ ዜሮ መጠጋጋት ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል።

ለእፍጋት (በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት እንስሳ እንዳለ) ስሌት ቢያንስ ከ60 እስከ 80 እይታ ያስፈልጋል። ዝርያው ያን ያህል ካልታየ እፍጋት አታስሉ፤ በኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ እንደ ታየ ብቻ ሪፖርት አድርጉ። ትንሽ ግን የሚታመን ቁጥር ነው። በዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያሉት የደጋ አጋዘኖች ሰው የለመዱ ስለሆኑ በእነሱ የተገኘውን እፍጋት ለሌላው የፓርኩ ክፍል አታውሉት።

ምንም ያልታየበት መስመር «0» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ቦታ ግን «አልሄድንም» ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ሰዓቱንና ቀኑን ለዩ

ጉሬዛ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት በደንብ ይታያል። ረዳታችሁ «1 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ጂፒኤሱ 07:00 ይላል። ቀኑም እንደዚያው ነው፦ በቅጹ ላይ ያለው 2017 የእኛ ነው ወይስ የአውሮፓውያን? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። አንዱን ምረጡና በቅጹ ራስ ላይ አትሙ። የእኔ ምክር ጂፒኤሱና ካሜራው የሚመዘግቡበትን መከተል ነው፤ ለማመሳከር ስለሚቀል።

ደረጃ 10፦ ማታ ማታ

ከመተኛታችሁ በፊት ቅጹን አንብቡ፤ የተዘለለውን ትውስታው ሳይጠፋ ሙሉ፤ ሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡ። መብራትና ኮምፒውተር ካለ በዚያው ቀን አስገቡ። ወረቀቱና ቅጂው በአንድ ቦርሳ ውስጥ አይጓዙ።

ደረጃ 11፦ መጀመሪያ በእጅ አስሉ

የ400 ካሬ ሜትር ፕሎት ወደ ሄክታር ሲቀየር በ25 ይባዛል፤ 12 ዛፍ ካለው በሄክታር 300 ነው። የአንድን ግንድ የመስቀለኛ ወለል ስፋት በካሬ ሜትር ለማግኘት ዲያሜትሩን በሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በራሱ አባዙና በ0.00007854 አባዙት፤ 40 ሴንቲ ሜትር 0.126 ካሬ ሜትር ይሰጣል። የሁለት ፕሎት ውጤት በእጃችሁ ሳታስሉ ወደ ፕሮግራም አትግቡ፤ ፕሮግራሙ የተሳሳተ ቁጥርንም ሳያጉረመርም ያሰላል። ከዚያ በኋላ ለስታቲስቲክስ አር፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለመስመር ቆጠራ ዲስታንስ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ።

የደኅንነት ማስጠንቀቂያዎች

- ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከባድ ውርጭ ነው፤ ከፍታውም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ዲንሾ አንድ ሁለት ቀን አድራችሁ ውጡ፤ ሕመሙ ከጸና ወዲያውኑ ውረዱ።
- ውሻ ይዞ የሚመጣ ረዳት አትቅጠሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተሻገረ በባሌ መንጋዎችን ደጋግሞ ጨርሷል። የሞተ ወይም እንግዳ ጠባይ የሚያሳይ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት፤ ቦታውን ይዛችሁ ለስካውት ንገሩ። እናንተም ስለ ክትባቱ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።
- የእንስሳትን የጉድጓድና የመውለጃ ቦታ ነጥቦች በጽሑፋችሁም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ አታውጡ። ለፓርኩ ብቻ ስጡ።
- ጎሽና ዝሆን ባለባቸው ቆላማ ፓርኮች ያለ ታጣቂ ስካውት አትግቡ፤ የወባ መከላከያውንም አስቡበት።
- ብቻችሁን አትውጡ። የዕለቱን መስመር ለካምፕ ጠባቂው ነግራችሁ ሂዱ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ከአንድ ፕሎት ውስጥ ያሉ አምስት የችግኝ ክፈፎችን እንደ አምስት ነጻ ናሙናዎች መቁጠር። ናሙናው ፕሎቱ ነው፤ ክፈፎቹ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ።
- የበጋውን መረጃ ከክረምቱ ጋር ያለ ልዩነት መደመር። የሣሩ ቁመት ሲለወጥ የእንስሳው መታየትም ይለወጣል።
- መሐል ላይ ለኪውን መቀየር። መቀየር ግድ ከሆነ የለኪው ስም በየገጹ ይጻፍ፤ በአንድ ፕሎት ላይ ሁለቱም ለክተው ልዩነታቸው ይታይ።
- የአሠራር ምዕራፉን ከመስክ ተመልሶ መጻፍ። ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉት፤ ስትመለሱ በትክክል የተደረገውን ብቻ አርሙበት።

ደረጃ 12፦ አስረክቡ፣ አስቀምጡ

የጽሑፋችሁን አንድ ቅጂና የፕሎቶቹን ነጥቦች ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ብዙ ፈቃዶች ይህን ግዴታ ያደርጉታል፤ ባያደርጉትም ስጡ። የመጀመሪያ ቅጾቻችሁን አትጣሉ። ለሥራ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ስታመለክቱ «የመስክ ልምድ አለኝ» ከማለት ይልቅ ስንት ፕሎት፣ ስንት ኪሎ ሜትር መስመር፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በምን ከፍታና ወቅት እንደ ሠራችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። የደን ካርቦን ፕሮጀክቶች፣ ፓርኮችና የምርምር ተቋማት የሚፈልጉት ችሎታ ይህ ስለሆነ ከማመልከቻው ጋር አንድ የተሞላ ቅጽና የመረጃ ፋይላችሁን መግለጫ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነና በምን መለኪያ እንደተሞላ የሚናገር አንድ ገጽ አያይዙ።